ሥዕሉን ሳይሆን የሠዓሊውን ዓይን
ስለ ሕፃናት የሥዕልና የእጅ ሥራ ትምህርት በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ግርጌ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




 የሕፃናት የሥዕልና የእጅ ሥራ ትምህርት በሥርዓተ ትምህርታችን ውስጥ ስም ያለው፣ በክፍለ ጊዜ ድልድላችንም ላይ ቦታ የተሰጠው ነው። ይሁን እንጂ ሁላችንም እንደምናውቀው፣ ፈተና ሲቃረብ ለሌላ ትምህርት የሚሰጠው ይኸው ክፍለ ጊዜ ነው፤ መምህር ሲጎድልም ቀድሞ የሚታጠፈው ይኸው ትምህርት ነው። ክፍለ ጊዜው በተገኘበት ቀን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚደረገው፣ መምህሩ በጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ቤት፣ አንድ ዛፍና አንዲት ፀሐይ ይሥላል፤ ተማሪዎቹም ያንኑ ወደ ደብተራቸው ይገለብጣሉ። ስድሳ ልጆች ስድሳ አንድ ዓይነት ቤት ሥለው ይወጣሉ። ቤቱም ከነጭስ መውጫው ከሌላ አገር መጽሐፍ የመጣ እንጂ በደባርቅ ወይም በዳባት ሰፈር የሚታይ ቤት አይደለም።

እኔ ዛሬ ለማስረዳት የምሞክረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ታላላቅ ሠዓሊዎችን ለሕፃናት ማስተዋወቅ የተገባ ነው፤ ነገር ግን ከሠዓሊው የምንወስደው ሥዕሉን ሳይሆን አሠራሩን መሆን አለበት። ሠዓሊው ምን ተመለከተ? እንዴት ተመለከተ? በእጁ ያገኘውን ነገር እንዴት አድርጎ ለሥራው አዋለው? ልጁ ይህን ከተረዳ በኋላ፣ በዚያው ዓይን ወደ ገዛ ቀዬው አፈር፣ ድንጋይ፣ ሣርና ቅጠል እንዲመለስ ማድረግ የመምህሩ ተግባር ነው። ሥዕሉን ብቻ የወሰደ ገልባጭ ይሆናል፤ አሠራሩን የወሰደ ግን የራሱን ነገር ማየት ይጀምራል።

ነገሩ በእኛ አካባቢ ይልቁን የሚከብድበት ምክንያት አለ። ደባርቅ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኝባትና ወደ ፓርኩ የሚዘልቅ እንግዳ የሚያልፍባት ከተማ ናት። ከእርስዋ በስተደቡብ በጎንደር መንገድ ላይ ዳባት ትገኛለች። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ በተጋረጠባቸው ቅርሶች መዝገብ ገብቶ ነበር፤ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጥቷል። ዋልያውን፣ ጭላዳውንና ገደሉን ለማየት ሰዎች ውቅያኖስ ተሻግረው ይመጣሉ። እዚያው ግርጌ ተወልዶ የሚያድገው ልጅ ግን «ሥዕል ሣል» ሲባል የማያውቀውን ቤት ይሥላል። ሊሣል የሚገባው ነገር ሌላ አገር ያለው ነው ብሎ ያደገ ልጅ፣ የራሱ ቀዬ ሊታይ የማይገባው፣ ሊጠበቅም የማያሻው ሆኖ ቢታየው ልንፈርድበት አንችልም። ያስተማርነው እኛ ነንና።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። «የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችንስ ከአባቶቻቸው ሥራ ይገለብጡ አልነበረምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ይገለብጡ ነበር። ነገር ግን የጥንቱ ደቀ መዝሙር ሥራውን የሚጀምረው ቀለሙን ከመበጥበጥ፣ ብዕሩን ከመቅረፅና ብራናውን ከመፋቅ ነበር። እጁ ሥራውን ከሥሩ ያውቀዋል። ከዚህም በቀር የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች በሮም የታተመውን የዐረብኛ ወንጌል ሥዕሎች አግኝተው ሲመለከቱ፣ የተመለከቱትን በገዛ ቀለማቸውና በገዛ አሣሣላቸው መልሰው ሠሩት እንጂ እንዳለ አላሰፈሩትም። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የተስፋፋው የአሣሣል ስልትም ከእርሱ በፊት ከነበረው የተለየ ሆነ። ከውጭ የመጣውን የራስ ማድረግ ማለት ይህ ነው። የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ከመቶ የሚበልጡ የመላእክት ፊቶች ተሥለዋል። ፎቶግራፉን ማግኘት አያዳግትም። ተማሪዎች ከፊቶቹ ሁለቱን ብቻ መርጠው እንዲያወዳድሩ፣ ቅንድቡን፣ ዓይኑንና የክንፉን አጣጣፍ እያዩ ልዩነቱን እንዲናገሩ ብናደርግ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ በደንብ ዋለ ማለት ነው።

በውጭው ዓለምም የሕፃናት ሥዕል የራሱ ክብር እንዳለው ለመቀበል ጊዜ ወስዷል። ፍራንዝ ቺዜክ የተባለው የቪየና መምህር እ.ኤ.አ. በ1897 የሕፃናት የሥዕል ክፍል ሲከፍት ዓላማው ልጆችን የዐዋቂ ሥዕል ማስገልበጥ ሳይሆን የራሳቸውን እንዲያወጡ መርዳት ነበር። በአገራችን ደግሞ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው፣ ብዙ ሠዓሊዎችን አፍርቷል። ሆኖም ወደዚያ የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው። የእኛ ሥራ ወደዚያ ለማይደርሱት ብዙዎች ነው።

አሁን በየክፍላችን ሊሠሩ ወደሚችሉት ሥራዎች ልግባ።

የመጀመሪያው ቀለም ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁሩን ቀለም ከጥቀርሻ፣ ከተቆላ እህልና ከቅጠላ ቅጠል ያዘጋጁ ነበር። ከሱቅ የሚገዛ ቀለም ስለሌለን ሥዕል ማስተማር አንችልም የምንል መምህራን ይህን ማስታወስ ይገባናል። ተማሪዎች ከየመንደራቸው አንድ እፍኝ አፈር ያምጡ፤ ቀዩን፣ ቡናማውን፣ ቢጫውን፣ ቤት የሚለቀለቅበትን ነጩን አፈር። ጠጠሩ ይለቀማል፤ የቀረው በድንጋይ ይደቃል፤ በውኃ ተበጥብጦ ጥቂት እንዲቆይ ይደረጋል። ሻካራው ወደ ታች ሲዘቅጥ፣ ከላይ ያለው ድፍርስ ውኃ ወደ ሌላ ዕቃ ይገለበጣል፤ እርሱ ደግሞ እስኪጠል ድረስ ያድራል። ከታች የሚቀረው ልስልስ ዝቃጭ ቀለማችን ነው። በውኃ የሟሟ የግራር ሙጫ ይጨመርበታል። ሙጫው ካነሰ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ በጣት ሲነኩት ይለቃል፤ ከበዛ ይሰነጣጠቃል። ይህን አስቀድመን አንንገራቸው፤ ራሳቸው ሞክረው ይድረሱበት። ብሩሽ ቢጠፋ ጫፉ የታኘከ መፋቂያ አለ፤ በእንጨት ላይ የታሰረ የፍየል ጠጉርም ይሆናል። ወረቀቱም ቢሆን የካርቶን ቁራጭ ወይም የሲሚንቶ ከረጢት ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ሥራ ልጁ የሚያገኘው ቀለም ብቻ አይደለም። ከወንዝ ዳር የመጣው አፈርና ከተራራው ወገብ የመጣው አፈር ለምን አንድ እንዳልሆኑ ይጠይቃል። የስሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ በፈሰሰና በተደራረበ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ የተሠሩ መሆናቸውን የሳይንስ መምህሩ ሊነግረው የሚገባው በዚያን ጊዜ ነው። መልስ የሚጣፍጠው ጥያቄው ከቀደመ ነው።

ሁለተኛው ሐረግ ነው። የብራና መጻሕፍቶቻችንን ገጽ የሚያስጌጠው፣ እርስ በርሱ እየተጠላለፈ የሚሄደው ጌጥ «ሐረግ» መባሉ ልጆቹን ወደ ዕፀዋቱ ይመራቸዋል። በአጥር ላይ የሚወጣውን አዞ ሐረግ ይመልከቱ፤ ግንዱ በየት እንደሚዞር፣ ቅጠሉ በየትኛው አንጓ ላይ እንደሚወጣ፣ ጥምጥሙ ሌላውን ቅርንጫፍ እንዴት እንደሚይዝ ይከታተሉ። ከዚያም በደብተራቸው አንድ ገጽ ዙሪያ የራሳቸውን ሐረግ ያዙሩ። አንድ መስመር ከላይ ካለፈ በሚቀጥለው መገናኛ ከሥር ማለፍ አለበት። ይህን ሕግ ሳያፈርስ አራቱን ማዕዘን የዞረ ልጅ ስለ ጥንቃቄ ብዙ ተምሯል። እናቶችና እኅቶች መሶብ ሲሰፉ አክርማውንና ስንደዶውን እየቆጠሩ የሚያወጡትም ንድፍ የዚሁ ወንድም ነው። በዚህ ጊዜ ወስፌ መያዝ የምታውቅ ልጃገረድ ለወንዶቹ አስተማሪ ብትሆን እጅግ ደስ ይላል።

ሦስተኛው የብርሃን ሥዕል ነው። በ1925 ዓ.ም. በአንኮበር የተወለዱት የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ስፋት አለው። የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ትግልዋንና የወደፊት ተስፋዋን በሦስት ክፍል ያሳያል። ከዚህ ሥራ ለሕፃናት የሚጠቅመው ዋና ነገር፣ ሥዕሉ የሚታየው ብርሃን ሲያልፍበት መሆኑ ነው። እኛ መስታወት መቁረጥ አንችልም፤ ነገር ግን ስስ ወረቀት ዘይት ከተቀባ ብርሃን ያሳልፋል። ልጆቹ ወድቆ የደረቀ ቅጠልና የአበባ ቅንጣት በሁለት እንዲህ ያሉ ወረቀቶች መካከል ያስቀምጡ፤ ዙሪያውንና መካከሉን በጥቀርሻ በጠቆረ የካርቶን ጥብጣብ ይከፋፍሉት፤ ከዚያም በክፍሉ መስኮት ላይ ይለጥፉት። የቅጠሉ ሥር ሁሉ በፀሐይ ፊት ይገለጣል። በክረምት ጉም በሚውልበት በደባርቅ፣ ጉሙ ገልጦ ፀሐይ የወጣች ዕለት ያን መስኮት ማየት ለልጆቹ ትልቅ በዓል ነው።

አራተኛው የመቅደድና የመደራረብ ሥራ ነው። የፈረንሣዩ ሠዓሊ ኦንሪ ማቲስ እ.ኤ.አ. በ1941 ከባድ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ እንደ ቀድሞው ቆሞ መሣል ስላቃተው፣ ቀለም የተቀባ ወረቀት በመቀስ እየቆረጠ ታላላቅ ሥራዎችን ሠራ። ጉልበት ሲያንስ ሥራው አልቀረም፤ መንገዱን ለወጠ። በአገራችንም በሐረር የተወለደው ሠዓሊና ባለቅኔ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ረቂቅ ሥዕልን ካስተዋወቁት ቀደምት ሰዎች አንዱ ነው፤ በ1973 ዓ.ም. በስደት በአሜሪካ አረፈ። እርሱም አንድን ነገር ሁሉንም ሳይዘረዝሩ በቅርፅና በቀለም ብቻ መግለጽ እንደሚቻል አሳይቷል። ይህን ለልጅ በቃል ማስረዳት አድካሚ ነው፤ ተራራው ግን ያስረዳል። በማለዳ ወደ ስሜን ስንመለከት ቅርቡ ሸንተረር ጥቁር፣ ቀጣዩ ሰማያዊ፣ የመጨረሻው ከሰማይ የማይለይ ሆኖ ይታያል። ልጆቹ በራሳቸው የአፈር ቀለም ያቀለሙትን ወረቀት፣ መቀስ ሳያስፈልጋቸው፣ በእጃቸው እየቀደዱ ከሩቁ ወደ ቅርቡ ይደርድሩት። የተቀደደ ወረቀት ጠርዝ ከተቆረጠው ይልቅ ገደል ይመስላል።

አምስተኛው፣ ሰፋ አድርጌ ልናገርበት የምፈልገው፣ ሸክላ ነው። እረኛ ልጅ ማንም ሳያስተምረው ከወንዝ ዳር ጭቃ የጭቃ በሬ ይሠራል፤ ቀንዱን ያሾላል፣ ሻኛውን ያወጣል፣ ጥማድ አድርጎ ያሳርሳል። ይኸው ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ይህ ዕውቀቱ ከበር ውጭ ይቀራል። ከጎንደር ወጣ ብሎ በደባርቅ መንገድ ላይ የምትገኘው ወለቃ፣ በቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች ሥራ ስምዋ የታወቀ መንደር ናት። እ.ኤ.አ. በ1991 ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላም የሸክላው ሥራ በሌሎች እጅ ቀጥሏል። ይህ ሁሉ የሙያ ሀብት በመንገዳችን ላይ ሳለ፣ የሥዕል ትምህርት መሣሪያ የለንም ማለታችን ይገርማል።

የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ጭቃው ጠጠሩ ተለቅሞ በደንብ ይቦካል። የተፈጨ ገል ቢጨመርበት በእሳት ጊዜ ከመሰንጠቅ ይረዳዋል። ልጁ ዋልያ ወይም ጭላዳ እንዲሠራ ከመታዘዙ በፊት ጥያቄ ይቀርብለታል። የዋልያው ቀንድ ወዴት ይቆለመማል? ጭላዳው ሲቀመጥ እጁ የት ያርፋል? በደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ምን ቅርፅ አለው? ያላየ ልጅ ያየውን ይጠይቅ፤ ወይም ፎቶግራፍ ይመልከት፤ ወይም ዘወትር የሚያየውን ፍየልና ውሻ ይሥራ። ዋልያውን በአራት ቀጭን እግር ሊያቆም የሚሞክር ልጅ ጭቃው ይተኛበታል። ሁለተኛ ይሞክራል፤ አሁንም ይተኛል። በመጨረሻ ከሆዱ ሥር ቋጥኝ ሠርቶ ዋልያውን በቋጥኙ ላይ ያሳርፈዋል። ያን ጊዜ ድንጋይ ጠራቢዎች ሁሉ የገጠማቸውን ችግር በራሱ እጅ ፈታው ማለት ነው፤ ዋልያው ደግሞ በእውነትም ገደል ላይ የሚኖር እንስሳ ነው። ወፍራሙ ክፍል ከውስጡ መቦርቦር አለበት፤ ጥላ ውስጥ አንድ ሳምንት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሳይደርቅ ወደ እሳት ቢገባ ይፈነዳል። ሲደርቅ በኩበትና በጭራሮ ይተኮሳል፤ በዚህ ጊዜ እሳቱን የሚይዘው ዐዋቂ እንጂ ልጅ መሆን የለበትም።

ስለ ሸክላ ስናነሣ ልንሸሸው የማይገባ ነገር አለ። ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩንና ሸማኔውን በስድብ ስም የመጥራት ልማድ በአገራችን ለረጅም ዘመን ቆይቷል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድበውን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ዐዋጅ አፍ ይዘጋል፤ ልብን የሚለውጠው ግን የእጅ ልምድ ነው። አንድ ጊዜ እንስራ ለማቆም ሞክሮ የወደቀበት ልጅ፣ እንስራ የምታቆመውን ሴት በንቀት ሊያያት አይችልም። እርስዋን ራስዋን ወደ ክፍላችን ጠርተን፣ «እትዬ፣ ያሳዩን» ብለን፣ በመምህር ወንበር ብናስቀምጣት ደግሞ ትምህርቱ ይሞላል።

ስድስተኛው የተጣለ ነገር ሥራ ነው። በ1929 ዓ.ም. የተወለደው እስክንድር ቦጎሲያን በዛፍ ልጥ ልብስ ላይ ሠርቷል፤ ዘሪሁን የትምጌታ በቀርከሃ ስንጥቅ ላይ ይሥላል፤ ኤልያስ ስሜ ክር፣ ቁልፍና የተጣለ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ይጠቀማል። የጋናው ተወላጅ ኤል አናትሱይ ደግሞ ጠፍጥፎ በሽቦ ካያያዛቸው የጠርሙስ ክዳኖች ግድግዳ የሚሸፍን ጥበብ ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በቬኒስ ለዕድሜ ልክ ሥራው የወርቅ አንበሳ ሽልማት ተሰጥቶታል። በደባርቅ ከተማ ቆርኪ የማይገኝበት መንገድ የለም። መምህሩ ወይም ትልልቆቹ ተማሪዎች ጠርዙን በድንጋይ ይጠፍጥፉት፤ ታናናሾቹ በቀለም ይለዩት፤ አንድ ክፍል ተባብሮ አንድ ጥለት ያውጣ። ለዚህ የነጠላን ጥለት መመልከት ይበቃል።

ለሁሉም አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። ከፓርኩ ክልል ቅጠልም ሆነ ድንጋይ አይነሣም። ጅብራ ለብዙ ዓመታት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው፤ እርሱን ቆርጦ ለሥዕል ማምጣት አበባውንም ዘሩንም ማጥፋት ነው። ይታያል፣ ይሣላል፣ እዚያው ይቀራል። ለሥራችን የወደቀ ቅጠል፣ የአውድማ ገለባና የቤት አፈር ይበቃናል።

ክቡራን ባልደረቦቼ፤

የሚያጋጥሙንን ችግሮች አላጣሁም። «እኔ ራሴ መሣል አልችልም» የሚል መምህር አለ። በዚህ አሠራር መምህሩ እንዲሥል አይጠየቅም፤ እንዲጠይቅና እንዲያዘጋጅ እንጂ። እንዲያውም በሰሌዳ ላይ ምሳሌ አለመሣሉ ይሻላል። «ተማሪው ብዙ፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው» የሚል አለ። ክፍሉን በቡድን ከፍሎ ወደ ውጭ ማውጣት፣ አንዱ ሲፈጭ ሌላውን ማስበጥበጥ ይቻላል። «ልጄን ጭቃ ሊያቦካ ነው ወይ የላክሁት?» የሚል ወላጅም አይጠፋም። ለእርሱ የሚሰጠው መልስ የልጁ ሥራ ነው፤ በወላጆች ቀን ልጁ አጠገቡ ቆሞ ምን እንዳየና እንዴት እንደሠራው ያስረዳ። ስለ ማርክ ደግሞ፣ «ምን ያህል ይመስላል?» ብለን አንመዝን። «ምን አየህ? በምን ሠራኸው? የቱ ላይ ተቸገርህ?» የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ።

በመጨረሻም የዘመናችንን ኀዘን ሳላነሣ ማለፍ አይገባኝም። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ የገጠር ቀበሌዎች ደርሶ ሰላማዊ ሰዎች አልቀዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል። ከፊታችን ከሚቀመጡት ልጆች ምን እንዳዩ የማንጠይቃቸው አሉ። «ያየኸውን ሣል» ብለን አናስገድዳቸው። ጭቃውን እንስጣቸው፤ ቀለሙን ይበጥብጡ፤ መናገር የፈለገ ልጅ ጊዜው ሲደርስ በራሱ መንገድ ይናገራል። ቤት ፈርሶ ያየ ልጅ፣ በእጁ አንድ ነገር ሲቆም ማየቱ ብቻውን ቁም ነገር ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የደባርቅ፣ የዳባትና የአዲአርቃይ ትምህርት ቤቶች የየአካባቢያቸውን የቀለም አፈር በየስሙ ለይተው እርስ በርስ ይለዋወጡ። ሁለተኛ፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ ስፌት ዐዋቂዎችና ብራና ጸሐፊዎች የድካማቸው ዋጋ ተከፍሎአቸው በክፍል እንዲያስተምሩ ይደረግ። ሦስተኛ፣ በየዓመቱ መጨረሻ የልጆች ሥራ፣ ከራሳቸው ቃል ጋር ተጽፎ፣ ለሕዝብ ይታይ።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው በዚያ 40 ደቂቃ ውስጥ ጠመኔውን አስቀምጠን ከልጆቹ ጋር ወደ ውጭ መውጣትን ነው።